ሳይነበብ የማይጠቀለል ወረቀት

ልጅ ሳለሁ ተረት የሰማሁት ከኦቾሎኒ መጠቅለያ ነው። ይህን ስናገር ሰው ቀልድ ይመስለዋል። ቀልድ አይደለም።

ያኔ የምንኖረው ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ ግቢ ነበር። ግቢውን ዙሪያውን የተደረደሩ ክፍሎች ይከቡታል፤ መሃሉ ላይ የውሃ ታንከር ተቀምጧል፤ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ብቅ ብላ ትሄዳለች። አጎቴ ታደሰ ከግቢው ፊት ለፊት ትንሽ ምግብ ቤት ነበረው። እኔና እሱ ከኋላ አንዲት ክፍል ውስጥ እናድር ነበር። እናቴ ሞያሌ ቀርታለች። ለምን እንደቀረች እዚህ አልጽፍም። ብቻ ከማላውቀው ሰው ጋር በጭነት መኪና ተጭኜ መጣሁ፤ አጎቴም ተቀበለኝ፤ ትምህርት ቤት አስገባኝ። ዛሬ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ያኔ ግን እፈራው ነበር።

ትምህርቱ በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ነበር። እኔ ከአገሬ ይዤ የመጣሁት ሀ ሁን ነው። ትከሻዬ ላይ ከማይደርሱ ሕፃናት ጋር አስቀመጡኝ። የእንግሊዝኛውን ፊደል አንድ በአንድ ብትጠይቁኝ አውቀዋለሁ፤ ተያይዞ ቃል ሲሆን ግን ይበተንብኛል። መምህሯ አስነስታ ስታስነብበኝ ሕፃናቱ መጽሐፋቸውን ፊታቸው ላይ ከልለው ይስቁ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ለኦገስት ሲዘጋ መምህሯ አጎቴን አስጠራችው። ስንመለስ ከፊቴ ከፊቴ ሄደ። ምግብ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ሲከፈት ታስነብብሃለች» አለኝ። «ካነበብክ ትቀጥላለህ። ካላነበብክ ቦታህን ለሌላ ልጅ ይሰጡታል፤ እኔም ጓዳ አስገባሃለሁ። ሳህን ለማጠብ ማንበብ አያስፈልግም።»

«ማን ያስጠናኛል?»

«እኔ እንጃ። እኔን ማን አስጠናኝ?»

ይህን ያለው በክፋት አልነበረም። በእርግጥም መልሱን አያውቀውም ነበር።

የግቢው አበሾች ያንን እረፍት «ክረምት» ይሉት ነበር። የናይሮቢ ኦገስት ግን ክረምት አይባልም፤ ሰማዩ ቀኑን ሙሉ እንደ አመድ ይሆናል፣ ብርዱ አጥንት ውስጥ ይገባል፣ ዝናቡ ግን የለም። ልጆች ሲመሽ የሚሞቅ ነገር ይፈልጋሉ። በእኛ ግቢ የሚሞቀው ነገር የእማማ ዘይነባ ጂኮ፣ የከሰል ምድጃቸው፣ ነበር።

እማማ ዘይነባ የወሎ ሰው ናቸው። ከእኔ ብዙ ዓመት ቀድመው በሞያሌ በኩል መጥተው፣ ባላቸውን ናይሮቢ ቀብረው፣ ከታንከሩ አጠገብ ባለችው ክፍል ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ቀን ማታቱ የሚባለው ታክሲ የሚቆምበት ስቴጅ ላይ ኦቾሎኒ ይሸጣሉ፤ ኬንያውያኑ «ማማ ንጁጉ»፣ የኦቾሎኒ እናት፣ ይሏቸዋል። አመሻሽ ላይ ደጃፋቸው ላይ ጂኮውን በከሰል ያቀጣጥሉና፣ በብረት ድስት አሸዋ አግለው፣ የነገውን ኦቾሎኒ እዚያ ውስጥ ይቆላሉ። መብራት በሄደ ቁጥር፣ ያኔ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይሄድ ነበር፣ ኩራዛቸውን ታንከሩ ጠርዝ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ጢሱ ከከሰሉ ጭስ ጋር ተቀላቅሎ በጭንቅላታችን ላይ ያልፍና ጣሪያ ለጣሪያ ይሄዳል።

መጠቅለያቸው አሮጌ መጽሐፍ ነበር። ጋዜጣ አይሆናቸውም፤ ቀለሙ ትኩስ ኦቾሎኒ ላይ ይለቃል። ስለዚህ ሽፋናቸው የተገነጠለ፣ ክራቸው የተበጠሰ የልጆች መጻሕፍት በጆንያ ይገዛሉ። ቅጠሉን ለብቻ ያወጡና እንደ ቀንድ ጠቅልለው ኦቾሎኒ ይሞሉበታል።

አንድ ነገር ግን ነበር፤ ያልተነበበ ወረቀት አይጠቀልሉም። የፈጣሪ ስም ያለበት ወረቀት መንገድ ላይ ወድቆ ይረገጥብኛል ብለው ይፈሩ ነበር። ኦቾሎኒ የበላ ሰው ወረቀቱን የት እንደሚጥለው የታወቀ ነው። እሳቸው የሚያነቡት ቁርአናቸውን ነው፤ የእንግሊዝኛው ፊደል አይገባቸውም። ስለዚህ የማጣራቱ ሥራ የግቢው ልጆች ነበር። ስም የተገኘበት ቅጠል በባዶ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጣል፤ ቆርቆሮው ሲሞላ ንጹሕ ቦታ አቃጥለው አመዱን ይቀብሩታል። ቀሪው ይጠቀለላል። የእኛ ድርሻ በቁላቱ የተሰበረው ኦቾሎኒ ነበር።

የአንባቢዎቹ አለቃ ዳዊት ነው። የአጎቴ ወጥ ሠሪ ልጅ፣ ከእኔ በትንሽ ዓመት የሚበልጥ፣ ናይሮቢ ተወልዶ ያደገ፣ አንቱታ የሚባል ነገር የማያውቅ ልጅ ነበር። ቅጠሉን ከላይ እስከ ታች በዓይኑ ይጠርገውና ይመልሰዋል።

«ማማ፣ ኢኮ ሳዋ፣ ደህና ነው! ስም የለበትም፣ ጠቅልይው።»

«ምን ይላል ታዲያ?»

«ስለ ጥርስ መፋቅ ነው።»

«ማን ነው የሚፍቀው?»

«አንድ ልጅ።»

«እናት አለችው?»

ዳዊት ያጉረመርምና ተመልሶ ያያል። የእማማ ዘይነባ ጥያቄ ማለቂያ የለውም ነበር። አንድ ጊዜ ከሃይማኖት ትምህርት መጽሐፍ የወጣ ቅጠል አጋጠመው።

«ስም አለበት፤ ግን የክርስቲያን መጽሐፍ ነው ማማ። አንቺን አይመለከትሽም።»

«የማን መጽሐፍ ነው አልኩህ? ስም አለ ወይ ነው ያልኩህ። ቆርቆሮው ውስጥ አድርግ።»

እኔ በእነዚያ ምሽቶች ሙቀቱ በሚደርስበት ልክ ራቅ ብዬ፣ ግድግዳ ተደግፌ እቆም ነበር። አንድ ቀን አዩኝ።

«አንተ የታደሰ ልጅ፣ ግድግዳው አይወድቅም፤ ልቀቀውና ና!»

ቅጠል ሰጡኝ። ያዝኩት።

«ምን ይላል?»

«አላውቅም።»

«ማማ፣ እሱ እኮ ቤቢ ክላስ ነው!» አለ ዳዊት። ልጆቹ ሳቁ።

«አንተ ደግሞ ከእናትህ ሆድ ስትወጣ እያነበብክ ነው የወጣኸው?» አሉት። ከዚያ ጣቴን ይዘው የመጀመሪያው መስመር ላይ አስቀመጡት። እጃቸው በአሸዋው ሙቀት ደርቆ ሻካራ ነበር። «ዳዊት ያንብብ። አንተ ጣትህን አስኪድለት።»

ዳዊት ደስ አላለውም። ቢሆንም አነበበ፤ እኔም ጣቴን አስኬድኩ። በማግስቱም እንዲሁ። ከብዙ ምሽት በኋላ ጣቴ እየቀደመው የሚሄድባቸው ቃላት መጡ።

አንድ ምሽት የፍየሏ ቅጠል መጣ።

አገሩ ዝናብ የጠፋበት አገር ነው። ጉድጓዱ ደርቋል፣ ወንዙ አሸዋ ሆኗል። አንዲት ልጅ ፍየል አለቻት። ፍየሏ ጠዋት ትወጣለች፣ ማታ ትመለሳለች፤ ስትመለስ ግን እግሯ እስከ ጉልበቷ ርሷል። ልጅቷ ለማንም አትናገርም። አንድ ቀን ከኋላ ከኋላዋ ትሄዳለች። ፍየሏ ትልቅ ዓለት ሥር ትደርስና በስንጥቁ ሾልካ ትገባለች። ልጅቷም ተንበርክካ አንገቷን በስንጥቁ ታስገባለች።

ቅጠሉ እዚያ ላይ አለቀ።

«ከዚያስ?» አሉ እማማ ዘይነባ።

ዳዊት ቀጣዩን ቅጠል አነሳ፤ የሂሳብ መጽሐፍ ነው። ሌላ አነሳ፤ ስለ ላም ሆድ ዕቃ ነው። ጆንያው ውስጥ ያሉት መጻሕፍት ክራቸው ተበጥሶ ቅጠላቸው እርስ በርስ ተደበላልቋል።

«የለም ማማ።»

«እንዴት የለም? አንገቷን አስገብታ ትቀራለች እንዴ?»

ሁላችንም ኦቾሎኒው ሲያርር ነው የነቃነው። እማማ ዘይነባ ማማሰሉን ረስተውት ነበር። ያረረውን እያራገፉ፣ ፊታቸው በፍሙ ቀልቶ፣ ቀጣዩን ራሳቸው ያወሩልን ጀመር። ከዓለቱ ሥር ድርቁ ያባረራቸው ሰዎች ሁሉ የገቡበት ከተማ አለ፤ ፍየሏን ውሃ የሚያጠጧት የልጅቷ የገዛ ዘመዶች ናቸው፤ መመለስ ግን አፍረው ነው አሉን። በማግስቱ ዳዊት ድገሚልን ሲላቸው፣ ከዓለቱ ሥር ያለው በሬው የሞተበት ሽማግሌ ነው፣ ውሃውም እንባው ነው አሉ።

«ትናንት እንዲህ አላልሽም!»

«ትናንት የትናንቱን አወራሁ። እኔ የማወራላችሁ እስክታገኙት ነው። ቅጠሉን አግኙና ዝም አሰኙኝ።»

እኔ ለማግኘት ተነሳሁ። ለትምህርት ብዬ አልነበረም፤ ትምህርቱንማ ተስፋ ቆርጬበት ነበር። ማወቅ ፈልጌ ነው። ልጅቷ አንገቷን አስገብታ ምን አየች? ተኝቼ አስበው ነበር፤ ለአጎቴ ሽንኩርት ስልጥ አስበው ነበር። ቀን ቀን ስቴጁ ላይ ሰው የጣላቸውን መጠቅለያዎች እየለቀምኩ እዘረጋለሁ፤ ኮንዳክተሮቹ «ቾኮራ» ብለው ያባርሩኛል፤ የጎዳና ልጅ ማለታቸው ነው። ማታ ጆንያው ውስጥ እጄን እስከ ብብቴ ከትቼ እፈልጋለሁ። ፍየል የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚጻፍ መልኩን ይዤዋለሁ። ቅጠሉን አነሳለሁ፣ መልኩን አስሳለሁ፣ ከሌለ እጥለዋለሁ።

አንድ ቀን እማማ ዘይነባ ገና በቀትር ተመለሱ። ቅርጫታቸው እንደሞላ ነው። ጂኮውን አላቀጣጠሉም። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው፣ ዘይት የነካው አንድ ቅጠል ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ጠበቁን።

«ይሄን ያጣራው ማን ነው?»

ዳዊት አየው። «እኔ ነኝ። ስም የለበትም። ተመልከቺ፣ ጎድ የሚል ካለ ጆሮዬን ቁረጪ።»

ስቴጁ ላይ ከእሳቸው ኦቾሎኒ የሚገዙ አንድ ሶማሌ ሽማግሌ አሉ፤ ወረቀቱን ሊጥሉ ሲሉ ዓይናቸው አርፎበት፣ ጠርገው፣ አጥፈው መልሰውላቸው ነው። ገጹ ላይ አንድ ልጅ ከመተኛቱ በፊት ይጸልያል፤ የታመመች እናቱን እንዲያድንለት ይለምናል። ስም አንድም ቦታ አልተጻፈም።

«ስም የለም እሺ» አሉ እማማ ዘይነባ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። «ልጁ የሚለምነው ማንን ነው? ጎረቤቱን ነው?»

ዳዊት ቅጠሉን ከጉልበታቸው አንስቶ እንደገና ከላይ ጀመረ። አላነበበውም ነበር፤ አንዱን ቃል ብቻ ነው የፈለገው።

«አንተ የታደሰ ልጅ» አሉ ወደ እኔ ዞረው። «አንተ ስታነብ ቃል ትዘላለህ?»

«መዝለል አልችልም» አልኩ። እውነቴን ነው። አንዱን ቃል ካልጨበጥኩ ሌላው አይመጣልኝም ነበር።

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ የዚህ ልጅ ጣት ያላለፈበትን አልጠቀልልም። ዳዊት፣ ያልገባውን ትነግረዋለህ።»

«ማማ እሱ እኮ ፖሌ ፖሌ ነው! ኦቾሎኒው ይቀዘቅዛል።»

«ይቀዝቅዝ።»

ሰው በዝግተኛነቴ ሲፈልገኝ ያ የመጀመሪያዬ ነው። የተሰማኝን አልናገርም፤ መናገርም አልችልበትም። ብቻ ጂኮው አጠገብ፣ እሳቸው ጎን፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቦታ ተሰጠኝ።

ያን ዕለት ግን አንድ ነገር መታኝ። እኔም እንደ ዳዊት ነበርኩ። ፍየል የሚለውን ቃል እያሰስኩ የጣልኳቸው ቅጠሎች ተጠቅልለው የሄዱት ሄደዋል፤ የቀሩትን መልሼ ከላይ ጀምሬ አነበብኳቸው። ከጥቂት ምሽት በኋላ አንዱ ላይ ጣቴ ቆመ። ፍየል አይልም። ጨለማ ነው ይላል። የሚንጠባጠብ ውሃ ድምፅ ይሰማል ይላል። እርጥብ አፍንጫ እጇን ነካት ይላል። ከዚያ ከጨለማው ውስጥ አንድ ድምፅ ልጅቷን በስሟ ይጠራታል። ቅጠሉ አለቀ።

አንብቤ ስጨርስ ዳዊት ቀድሞኝ ጮኸ። «እሷ ናት! የፍየሏ ናት!»

«አላልኳችሁም?» አሉ እማማ ዘይነባ እጃቸውን አጨብጭበው። «ሰው አለ አላልኩም? ማን ነው የጠራት? በል ፈልግ!»

ፈለግሁ። ጆንያው እስኪያልቅ ፈለግሁ። ማን እንደጠራት የሚናገረው ቅጠል አልተገኘም። በፍለጋው ግን ስለ ባቡር፣ ስለ ወባ ትንኝ፣ እንጀራ እናቷ ስላስቸገረቻት ልጅ፣ ጨረቃ ላይ ስለሌለው አየር አነበብኩ፤ አንዱም መጨረሻ አልነበረውም። መጨረሻውን የሚሰጡን በፍሙ ብርሃን እማማ ዘይነባ ነበሩ፤ ለጨረቃዋም ሳይቀር።

ትምህርት ቤቱ ሲከፈት አጎቴ ኮቱን ለብሶ ወሰደኝ። መምህሯ ከመደርደሪያው አዲስ መጽሐፍ አወጣች፣ መሃሉን ከፈተች፣ ግራውን ገጽ አሳየችኝ። አጎቴ በሩ ላይ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ ቆሟል። ጣቴን አስቀመጥኩ። ታሪኩ ኮፍያው በነፋስ ስለተወሰደበት ሰው ነው። ቀስ ብዬ፣ አንዱንም ሳልዘል፣ ኮፍያው ጣሪያ ላይ እስኪያርፍ ድረስ አነበብኩ።

«ኢናፍ» አለች መምህሯ። ይበቃል።

እኔ ግን ዓይኔን ወደ ቀኝ ሳሻግር ቀጣዩ ገጽ እዚያው ነበር። ክረምቱን ሙሉ ያነበብኩት ሁሉ ተገንጥሎ የቀረ ነበር፤ ገጽ ሲያልቅ ከኋላው ሌላ እንደሚመጣ ረስቼው ነበር። ጣቴን አሻገርኩት። ሰውየው መሰላል ያመጣል። «ኢናፍ» አለች ደግማ። ቅጠሉን ገለበጥኩ። ኮፍያው ውስጥ ወፍ ገብታበታለች። አመፅ አልነበረም፤ ማቆም አቅቶኝ ነው። በሦስተኛው መምህሯ ወንበሯን ስባ ተቀመጠችና ሰማችኝ።

ስንመለስ አጎቴ ስቴጁ ላይ ከእማማ ዘይነባ ኦቾሎኒ ገዛ። እሳቸውም ፊቱን አይተው ለእኔ አንድ እፍኝ ጨመሩ። እየሄደ በላ። ሲጨርስ ወረቀቱን ሊጥል እጁን ዘረጋና ቆመ። ፈታው። መዳፉ ላይ ዘርግቶ ወደ እኔ አቀረበው።

«ምን ይላል?»

ማታቱዎቹ ጥሩምባ እየነፉ በጎናችን ያልፋሉ። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩና በአማርኛ ነገርኩት። ስለ ባቄላ ነው። ባቄላውን እርጥብ ጥጥ ላይ ያስቀምጡታል፤ ያብጣል፤ ቆዳው ይሰነጠቃል።

«ከዚያስ?» አለ አጎቴ።

እማማ ዘይነባ ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደ ዘመዶቻቸው ተመለሱ። መጀመሪያ ሰላምታቸው በሰው ይመጣ ነበር፤ ከዚያ ቀረ። እኔ ዛሬ ኢስትሊ ሱቅ አለኝ፤ የምኖረው ፓርክላንድስ የሚባል ሰፈር ነው። ልጄ ሊያ ያኔ እኔ በነበርኩበት ዕድሜ ላይ ናት። ኦገስት በመጣ ቁጥር ትምህርት ቤቷ ልጆቻችሁን አስነብቡ የሚል መልእክት በስልክ ይልክልናል። አስነብባለሁ ብዬ የሚያብረቀርቁ መጻሕፍት ገዛሁላት፤ እንደተደረደሩ ቀሩ። ተቆጣሁ፤ አልሠራም። እኔ ደግሞ ሰው የማባበል ችሎታ የለኝም።

ባለፈው ኦገስት አንድ ምሽት መብራት ሄደ። ታብሌቷም ቻርጅ ጨርሷል። ሻማ አበራሁና፣ እንዴት እንደመጣብኝ አላውቅም፣ የፍየሏን ነገርኳት። በጨለማው ውስጥ ድምፅ እስኪጠራት ድረስ ነግሬያት አበቃሁ።

«ከዚያስ ዳዲ?»

«አላውቅም።»

«ዋት ዱ ዩ ሚን አታውቅም? ማነው የጠራት?»

«ቅጠሉ ጠፋ።»

መብራት ሲመጣ በስልኬ ፈለገች፤ የለም። ከገዛሁላት መጻሕፍት ውስጥ ፈለገች፤ እዚያም የለም፤ ሁለቱን ግን ስትፈልግ ጨርሳቸዋለች። ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ከተማ ውስጥ አስፋልት ዳር አሮጌ መጽሐፍ የሚዘረጉ ሰዎች ጋ ውሰደኝ ማለት ጀመረች። ቁጢጥ ብላ አንዱን ታነሳለች፣ ከመሃል ታነባለች፣ «ይሄ አይደለም» ትላለች፤ ግን አትመልሰውም፤ ይዛው ትነሳለች። ማታ ማታ ትጠይቀኛለች። አንድ ቀን የጠሯት ዘመዶቿ ናቸው አልኳት። በማግስቱ በሬው የሞተበት ሽማግሌ ነው አልኳት።

«ትናንት እንዲህ አላልክም!» አለች ተቆጥታ።

ሳቅሁ። እኔ ብዙ አልስቅም።

«እኔ የማወራልሽ እስክታገኚው ነው» አልኳት።

ወላጆች ሱቄ ሲመጡ ልጆቻችን አያነቡም፣ ምን ይሻላል እያሉ ያማርራሉ። ምክር የለኝም። የማውቀው እማማ ዘይነባ የማያውቁትን ፊደል ፈርተው፣ አክብረው፣ እኛን ወረቀት ፊት ማስቀመጣቸውን ነው። ምን ይላል ብለው ሲጠይቁን መልሱን አያውቁትም ነበር። ሊፈትኑን አልነበረም፤ ማወቅ ፈልገው ነው። እስከ ዛሬ በእኔ ላይ የቀረው እሱ ይመስለኛል፤ የከሰሉ ሽታና ያ ጥያቄ።

አሁንም ስቴጁ ላይ ኦቾሎኒ እገዛለሁ። ከመብላቴ በፊት ወረቀቱን አነበዋለሁ፤ አንዳንዱ ደረሰኝ ነው፣ አንዳንዱ ማስታወቂያ። አልፎ አልፎ የልጆች መጽሐፍ ቅጠል ያጋጥመኛል። ያኔ ኦቾሎኒውን ኪሴ ውስጥ ገልብጬ፣ ሰው እየገፋኝ መንገድ መሃል እቆማለሁ። ከላይ እስከ ታች፣ ሳልዘል፣ አነበዋለሁ። ከዚያ ጀርባውን አዞረዋለሁ።